ሰናመኪ በጠበል

ባለፈው ሳምንት እናቴ ሆዷ ደርቆ አራት ቀን ተጨነቀች። የሚያደርቃት ሐኪም ያዘዘላት ክኒን ነው፤ ክኒኑን ደግሞ መተው አይቻልም። ጳውሎስ አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎች ሦስቱን ዞሬ የሰጡኝን ሁሉ ሞከርኩላት፤ አልሆነም። በአራተኛው ቀን አንዷ ፋርማሲስት ፊቴን አይታ መሰለኝ አዘነችልኝና፣ "እኔ ለራሴ እናት የማፈላላት ሰናመኪ ነው። አዲሱ ገበያ ቅመም ሻጮቹ ጋ ታገኚዋለሽ። ብቻ መጀመሪያ ሐኪሟን ጠይቂ" አለችኝ። ደውዬ ጠየቅሁት፤ ትንሽ ትጠጣ አለ።

አዲሱ ገበያ በዚያ ሰዓት ሰው በሰው ላይ ነው። እግሬ ጫማዬ ውስጥ አብጦ አልራመድ ብሎኛል። ሻጩ ከማዳበሪያ ውስጥ አንድ እፍኝ ቅጠል ዘግኖ በጋዜጣ ሲጠቀልልልኝ የደረቀ ሣርና ያደረ ሻይ የመሰለ ሽታ መጣብኝ። ከቅጠሉ መሃል አንድ ጠፍጣፋ፣ ጠመም ያለ የዘር ፍሬ ወደቀ። አንስቼ በጥፍሬ ፈለቀቅኩት፤ ውስጡ ስድስት ዘር ነበረው። "እሱን ጣይው፣ የሚጠጣው ቅጠሉ ነው" አለኝ ሻጩ። አልጣልኩትም። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ዘሩን በመዳፌ ጨብጬ፣ ልቤ ቀጨኔ እማማ ዘሃራ ሱቅ ደጃፍ ሄደ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

የምንኖረው ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት በሚጋራበት ግቢ ነው። እኛ ሁለት ነን፤ እናቴና እኔ። አባቴን አላውቀውም፤ ስለ እሱ መጠየቅ እናቴን ማድከም እንደሆነ ገና በልጅነቴ ገብቶኝ ትቼዋለሁ። እናቴ ሆስፒታል የፅዳት ሠራተኛ ነበረች። ጠዋት እኔ ሳልነሳ ትወጣለች። ማታ በረኪና በረኪና እየሸተተች ትመጣና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ትንሽ ዝም ትላለች። "ምን ሆነሽ ነው?" ስላት፣ "እግሬን እየጠበቅሁት ነው፤ ገና አልደረሰም" ትለኛለች። እግሯ ከኋላዋ በሌላ ታክሲ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ትምህርት ቤት የጠዋት ፈረቃ ስለነበርኩ ስድስት ሰዓት ላይ እለቀቃለሁ። ከዚያ እናቴ እስክትመጣ የሚጠብቁኝ እማማ ዘሃራ ናቸው። እማማ ዘሃራ ከባቲ በታች ካለው ቆላ የመጡ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ባላቸው ሲሞቱ ሱቁ የቀረላቸው ሴት ነበሩ። ሱቅ ስል መስኮት ማለቴ ነው። የቤታቸው መስኮት ወደ መንገዱ ይከፈትና ሳሙና፣ ክብሪት፣ ጨው፣ ከረሜላ ይሸጡበታል። እኔ የጨው ማዳበሪያው ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ለእኔ ብቻ የተለየች ትንሽ ድስት ነበረቻቸው። የእስላም ሥጋ ነክቷት አያውቅም፤ በጾም ቀን ደግሞ ቅቤም አይደርስባትም። የእኔን ረቡዕና ዓርብ ከእኔ ይልቅ የሚያስታውሱት እሳቸው ነበሩ። "ዛሬ ምንሽ ነው፣ ጾም አይደለም እንዴ? ከረሜላውን መልሺ!" ይሉኛል።

ብርድ ግን አይወዱም። ሐምሌም ሆነ ጥር ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው፣ ጉልበታቸውን በሻርፕ ጠምጥመው ነው የሚቀመጡት። "ይሄ እንጦጦ የሚባል ጎረቤት በሩን ዘግቶ አያውቅም" ይላሉ።

ግንቦት ላይ ወንድማቸው ከቆላ ሊጠይቃቸው መጣ። ጋሽ አሊ ረጅም፣ ደረቅ ያለ፣ ድምፁ ከግቢው የሚያልፍ ሰው ነው። ገና አረፍ ከማለቱ ጀመረ።

"ዘሃራ፣ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ ብርድ ላይ? ጉልበትሽ አልቋል። እዚያ ቤት አለ፣ የእኔ ልጆች አሉ፣ ፀሐይ አለ። ተነሽ እንሂድ!"

"ደግሞ ጀመረህ!"

"ወላሂ የምሬን ነው። እዚህ አገር ምን ይበቅልልሻል?"

ለሆዳቸው ብሎ በጨርቅ ቋጥሮ ያመጣላቸው ሰናመኪ ጭናቸው ላይ ነበር። ከቅጠሉ ውስጥ አንድ የዘር ፍሬ መዘዙና አሳዩት።

"ይሄ ይበቅልልኛል።"

"ሰናመኪ? እዚህ? ይሄ እኮ ዝናብ ሲያይ የሚታመም የበረሃ ቁጥቋጦ ነው!"

"እንግዲያው ስማኝ። ይሄ እዚህ ቢጫ አበባውን ካወጣ አልሄድም። ካላበበ መጥተህ ውሰደኝ።"

"በይ ምቺ!" አለና መዳፉን ዘረጋ። እሳቸውም ጧ አድርገው መቱት። ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይቀለድበትም። ይሄ ከሆነ ያንን አደርጋለሁ ካልሽ ስለት ነው፤ ስለት ያስራል። ጓሮ ያለችው ጎረቤታችን ልጇ እንዲድንላት ለመድኃኔዓለም ጥላ ተስላ፣ ጥላውን ሳታስገባ በመቆየቷ ዓመት ሙሉ ራሷን ሲያማት አይቻለሁ። ስለዚህ እማማ ዘሃራ በገዛ አፋቸው እንደታሰሩ አልተጠራጠርኩም።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ጫማዋን እንዳደረገች ሰማችኝና፣ "እሷ ከሄደችማ አንቺን ደብረ ብርሃን አክስትሽ ጋ ከመላክ ሌላ ምን አለኝ? ግቢ ውስጥ ብቻሽን አልጥልሽ" አለች። አልተቆጣችም። ጨው አልቋል እንደማለት አድርጋ ነው የተናገረችው፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። አክስቴን ያየኋት ሁለት ጊዜ ነው። ክፉ ሴት አልነበረችም። ግን ስትስመኝ ጉንጯ ጉንጬን አይነካም ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ እኔም ተሳልኩ። "መድኃኔዓለም፣ ከእናቴ እንዳልለይ ሰናመኪውን አሳብብልኝ። ሰባት ጧፍ አስገባለሁ" አልኩ። ሰባት ጧፍ ከየት እንደማመጣ አላሰብኩበትም።

እማማ ዘሃራ ዘሩን የዘሩት በዚያው ሳምንት ነው። እኔን ከጎናቸው አስቀምጠው እያንዳንዱን ነገር አሳዩኝ። "ይሄ ዘር ደንቆሮ ነው" አሉኝ፤ "ካላቆሰሉት አይሰማም።" አንድ በአንድ እያነሱ የሱቁ ደፍ ድንጋይ ላይ አሻሹት። የሚያብረቀርቀው ልጣጩ ሲያመድ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከትተው አሳደሩት። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመጣ ዘሩ እጥፍ ሆኖ አብጦ ነበር። "አየሽው? ሰማ!" አሉና እንደ ልጅ ደስ አላቸው።

አፈሩ ላይ ግን ተከራከርን። እኔ ለውለታ ብዬ ከጎረቤት የዶሮ ኩስ በፌስታል ሞልቼ አምጥቻለሁ። "እሱን ለጎመን ስጪው። ይሄ በድህነት ያደገ ነው፤ ካጠገብሽው ይታመማል" አሉኝ። ከታች ቤት ከሚሠራበት ደጃፍ አሸዋ ለምነን፣ ጡብ በድንጋይ ፈጭተን፣ ከግቢው አፈር ትንሽ ብቻ ቀላቀልንበት። መትከያው ትልቅ የዘይት ጣሳ ነበር። እማማ ዘሃራ ጣሳውን ደፍተው በሚስማርና በድንጋይ ቂጡን አምስት ቦታ በሱት።

"የሱ ጤና እዚህ ነው። ሰው የበላውን ካላወጣ ይታመም የለ? ይሄም የጠጣውን ማውጣት አለበት።"

ጣሳውን የከሰዓት ፀሐይ ከሚያርፍበት የቆርቆሮ ግድግዳ ሥር፣ ሁለት ጡብ ላይ አስቀመጥነው። ውሃ የማጠጣቱን ነገር በጣቴ አስተማሩኝ። ሌባ ጣቴን ይዘው እስከ መጀመሪያው አንጓ አፈሩ ውስጥ ከተቱትና፣ "ቀዘቀዘሽ?" አሉኝ። "ቀዘቀዘኝ።" "እንግዲያው አልጠማውም። ጣትሽን ካልቀዘቀዘሽ ብቻ፣ በአንድ ስኒ። ለጎመን እንደምታዝኚ አትዘኚለት።"

በአሥረኛው ቀን ሁለት ብቅ አሉ። ደካማውን ነቅለው ጣሉት፤ እኔ አለቀስኩ።

ክረምቱ ረጅም ነበር። ዝናቡ ሲመጣ ጣሳውን ወደ ውስጥ፣ የጨው ማዳበሪያው አጠገብ አስገባዋለሁ፤ ፀሐይ ብልጭ ሲል መልሼ አወጣዋለሁ። በቀን አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ጣሳው ደረቴን ቧጭሮኝ ነበር። በክረምት ትምህርት ስለሌለ ሥራዬ ይሄ ብቻ ሆነ፤ እናቴ ማታ ስትመጣ ሁለታችንም ደክሞን አልጋው ጫፍ ላይ እንቀመጣለን።

ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ወጡ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አመሻሽ ላይ ቅጠሎቹ ሁሉ ተጣጥፈው ተዘጉብኝ። "ሞተ!" ብዬ ጮህኩ። እማማ ዘሃራ ለመግሪብ ሶላት እየታጠቡ፣ ውዱእ እያደረጉ ነበርና እጃቸው ውሃ እንዳንጠባጠበ ወጡ። "አብሽሪ፣ አልሞተም። ሲመሽ እንዲህ ነው፤ ይሰግዳል" አሉኝ። ነገሩ ግራ ገባኝ። እኛም ማታ ማታ እጃችንን አጣጥፈን እንጸልያለን፤ ታዲያ ይሄ የማን ነው?

"እማማ ዘሃራ፣ ሰናመኪው እስላም ነው ክርስቲያን?"

አሰብ አደረጉ። "ቆላ ነው" አሉኝ።

መስከረም ጠባ። ዝናቡ ቆመ፣ ከግቢያችን በላይ ያለው ገደል ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ሆነ። በዚያ ሰሞን ያህል በአበባ ተናድጄ አላውቅም። ማንም ያልዘራው፣ ማንም ጣሳ ያልተሸከመለት ነገር በየአጥሩ ሥር ያብባል፤ የእኛው ክንዴን አክሎ፣ ቅጠል ብቻ ይዞ ቆሟል። በደመራ ማግስት አንድ መላ መጣልኝ። ሦስት አደይ አበባ ቀጥፌ፣ ከእናቴ መርፌ ክር ወስጄ፣ ሰናመኪው ጫፍ ላይ አሠርኩና፣ "እማማ ዘሃራ፣ አበበ!" ብዬ ጠራኋቸው።

በዱላቸው እየተደገፉ ወጡ። ጎንበስ ብለው አዩት። ክሩን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

"ወይ ጉድ! ለበዓል የሰው ልብስ ተውሶ ለብሷል እንዴ?" ብለው ሳቁ። እኔ ስላልሳቅሁ አቆሙና፣ "ምነው ብርቄ፣ ምን አስቸኮለሽ? በጊዜው ያብባል ኢንሻአላህ" አሉኝ። አላመንኳቸውም። ጋሽ አሊ ለኅዳር ወር እንደሚመጣ ሰምቻለሁ።

ጥቅምት ሲጋመስ ግን እውነተኛ እምቡጥ ታየበት። ምስር የሚያክሉ አረንጓዴ እምቡጦች፣ ጫፉ ላይ፣ አሥራ አንድ። በየቀኑ እቆጥራቸው ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ የእማማ ዘሃራ ጉልበት ባሰባቸው። ከመስኮቱ ሥር ካለችው በርጩማቸው መነሳት እያቃታቸው ሄደ። "ብርቄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጣቱ ያንቺ ነው። ጠዋት ጠዋት አፈሩን እያየሽ ንገሪኝ፤ ስኒዋን እኔ እሰጥሻለሁ" አሉኝ። እንዲህ ያለ ሥልጣን ተሰጥቶኝ አያውቅም።

አሥራ አንዱ እምቡጥ ለሳምንት ያህል አንድም ንቅንቅ ሳይል ቆየ። አሁን ሳስበው ብርዱ ነው። የቀጨኔ ጥቅምት ማለዳ ላይ አጥንት ይገባል፤ ተክሉ ፀሐይ እየጠበቀ ነበር። እኔ ግን የታመመ መሰለኝ። ለታመመ ደግሞ የምናውቀው መድኃኒት አንድ ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሃይላንዴን ይዤ ወደ መድኃኔዓለም ጠበል ወረድኩ። ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ተክሉም ቁርስ ሳይቀምስ፣ ማለትም ከእማማ ዘሃራ ስኒ በፊት መድረስ ነበረብኝ። ሰባት ቀን እንደሚጠጣም አውቃለሁ። በመጀመሪያው ቀን ስቀዳ እጄ ላይ ትንሽ ፈሰሰብኝ። ከኋላዬ የቆሙ ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ ተጠንቀቂ! ጠበል አይረገጥም። የተረፈሽን ሰው ከማይረግጥበት ቦታ ነው የምትደፊው" አሉኝ።

ቤት ደርሼ ግማሽ ሃይላንድ አጠጣሁት። አፍታም ሳይቆይ ከጣሳው ሥር ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። በጡቦቹ መሃል አልፎ ወደ ሱቁ ደጃፍ ፈሰሰ። የመጀመሪያዋ ሳሙና ገዢ በፕላስቲክ ጫማዋ ረገጠችው። ደነገጥኩ። ቀጥሎ አንድ ተማሪ ረገጠው። ከዚያ ውሻ።

ቀኑን ሙሉ ሳስብበት ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው አብርቶ የተዋቸውን የጧፍ ቁራጮች ለቀምኩ። ሰሙን በመዳፌ እያሸሁ አለሰለስኩት። ከዚያ ጣሳው ሥር በሆዴ ተኝቼ፣ አምስቱን ቀዳዳ አንድ በአንድ ደፈንኳቸው። ስጨርስ አንዲት ጠብታ አልወጣችም። እንዲህ ጥንቅቅ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አልሠራሁም።

ሰባቱን ቀን ጨርሼ ለውጥ ሳጣ ሌላ ሰባት ጨመርኩ። በየማለዳው ጣቴን እከታለሁ። አፈሩ ይቀዘቅዛል፤ እንዲያውም ጣቴ ጭቃ ይዞ ይወጣል። እማማ ዘሃራ በመስኮት ሆነው "ቀዘቀዘሽ?" ሲሉኝ "አዎ" እላለሁ። "ጎሽ። እንግዲያው ስኒ የለም" ይላሉ። አልዋሸሁም። ውሃ አላጠጣሁትም፤ ያጠጣሁት ጠበል ነው። ጠበል ውሃ ስላልሆነ አይቆጠርም ብዬ አስቤያለሁ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሩቅ ቢጫ ነገር አየሁ። ቦርሳዬ ጀርባዬ ላይ እየዘለለ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩ። ከታች ያሉት ቅጠሎች ቢጫ ሆነዋል። ከላይም ጀምሯል። ቢጫው መጣ! ከቅጠሉ ተነስቶ ወደ እምቡጡ እየወጣ ነው ብዬ አሰብኩ።

"እማማ ዘሃራ! ቢጫው መጣ! አሁን ክር የለበትም፣ የእውነት ነው!"

በርጩማቸውን ገፍተው፣ የበሩን ፍሬም ይዘው ወጡ። ተክሉን አዩት። አንዱን ቅጠል በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት እጃቸው ላይ ቀረ። እምቡጦቹን ለመቁጠር አየሁ፤ አራት ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ጭቃው ላይ ወድቀዋል።

እማማ ዘሃራ ጣሳውን ከጡቡ ላይ ጎትተው በጎኑ አስተኙት። ረግረግ ረግረግ የሚል ሽታ ወጣ። ከዚያ ቂጡን አዩት። አምስቱ የሰም ድፍኖች ጎን ለጎን ተደርድረዋል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጧፍ።"

"ማነው የደፈነው?"

"እኔ።"

"ለምን?" ድምፃቸው አልጨመረም። ጣሳውን እንደያዙ ጡቡ ላይ ቁጭ አሉ።

"እንዳይረገጥ ብዬ።"

"ምኑ?"

"ጠበሉ።" ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። "አሥራ አራት ቀን ጠበል አጠጥቼዋለሁ። እንዲያብብ ብዬ ነው። ካላበበ ጋሽ አሊ ሊወስድዎት ነው። እርስዎ ከሄዱ እኔን እማዬ ደብረ ብርሃን ትልከኛለች። እርስዎ ደግሞ ተስለዋል!"

"እኔ? መቼ ነው የተሳልኩት?"

"መዳፍ የመቱ ጊዜ!"

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቁ መሰለኝ። እየሳቁም ነበር። ግን በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ሳቁ ካቆመም በኋላ ጠረጉ። "ያ ረቢ" አሉ፤ "ለእሱ ከምታጠጪው ለጉልበቴ ብታመጪልኝ አይሻልም ነበር?"

"አሁን ይሄዳሉ?"

"የሚሄደው ጉልበቴ ነው የኔ ልጅ። እኔ እከተለዋለሁ።"

ከዚያ ያደረጉትን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ጭቃውን ወደ መንገድ ዳር ቦይ ሊደፉት ይችሉ ነበር፤ ሁሉም ሰው ቆሻሻውን የሚደፋው እዚያ ነው። አልደፉትም። "ብርቄ፣ በዚህ ግቢ ሰው የማይረግጠው ቦታ የት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ከሱቁ ግድግዳና ከአጥሩ መሃል ያለችውን ጠባብ ጥግ አሳየኋቸው። በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በአንድ እጃቸው ጣሳውን ከእኔ ጋር ይዘው፣ እያነከሱ እዚያ ድረስ ሄዱና ቀስ ብለው ደፉት። አንድ እፍኝ እንኳን መንገድ ላይ አልወደቀም። ሰሙን ግን አልጣሉትም። አምስቱን ድፍን በጥፍራቸው አውጥተው የሹራባቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ጋሽ አሊ ኅዳር ሳያልቅ መጣ። ስለ አበባው አልጠየቃቸውም፤ የረሳው ይመስለኛል። ዕቃቸው አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ነበር። ትንሿን ድስት ለእኔ ተዉልኝ። ሲስሙኝ ሻርፓቸው ጨው ጨው ይል ነበር። ታክሲው ሲነሳ ወደ ጥጉ ሄጄ ቆምኩ። ከዚያም በኋላ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እዚያ ጥግ እየሄድኩ አይ ነበር። ምንም አልበቀለም።

የሚገርመው ደብረ ብርሃን አለመላኬ ነው። እማማ ዘሃራ በሄዱ ሳምንት እናቴ ሆስፒታሉን ለቀቀች። ሰው ቤት እየዞረች ልብስ ማጠብ ጀመረች፤ ስድስት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ስመጣ እቤት ናት። እኔ ከሥራ ያባረሯት መሰለኝና በጣም አፈርኩላት፤ ለጓደኞቼም አልተናገርኩም። እጇ በሳሙና ተላልጦ ማታ ማታ ቫዝሊን ስትቀባ አያታለሁ። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።

ባለፈው ሳምንት ሰናመኪውን አፍልቼ፣ አጥልዬ፣ በስኒ አቀረብኩላት። ትራሱን ደገፍ ብላ አሸተተችው። ያ ያኔ የተላላጠው እጇ ስኒውን ያዘ።

"የዘሃራ ሰናመኪ" አለች።

ይሄን ሁሉ ዓመት ይዤው የኖርኩት ነገር ሳላስበው ወጣ። "እማዬ፣ የእማማ ዘሃራን ተክል የገደልኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።" ፉት ብላ ፊቷን አጨማደደች። "ሰሙን አሳይታኛለች።"

"መቼ?"

"የዚያኑ ዕለት ማታ። ከሥራ ስመጣ በመስኮት ጠራችኝና አምስት ቁራጭ ሰም ዘርዝራ አስቀመጠችልኝ። 'ይሄ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ልጅሽ ከአንቺ ላለመለየት ያደረገችው ነው' አለችኝ። 'እኔ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ነው የምሄደው፤ የቆረጥኩትም ገና በግንቦት ነው። አንቺ ግን ጉልበት አለሽ። ይቺን ልጅ ብትልኪያት አፉ አልልሽም' አለችኝ።" እናቴ ስኒውን አስቀመጠች። "ምን ልበላት? እውነቷን ነው። ሥራውን ተውኩት።"

የእማዬን እጅ አየሁት፣ ከዚያ ማየት አቃተኝ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ። ደግሞም ደክሞኝ ነበር።"

ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስሎኝ ስኒውን ላነሳ ስል እንደጨፈነች ተናገረች።

"ተስለሽ ነበር አይደል? ምን ብለሽ ነው?"

"ካበበ ሰባት ጧፍ አስገባለሁ ብዬ። አላበበም እንግዲህ፤ አላስገባሁም።"

"ቃሉን ንገሪኝ። እንዴት ብለሽ ነው የተሳልሽው?"

ቃሉን አልረሳሁትም ነበር። "ከእናቴ እንዳልለይ ሰናመኪውን አሳብብልኝ።"

"አልተለየሽም እኮ" አለች።

ከውጭ የታክሲ ረዳት ይጮሃል፤ "ጳውሎስ! ጳውሎስ!"

"እሺ፣ ነገ በጠዋት አስገባለሁ" አልኳት።

"ዛሬ። ብዙ አስጠብቀሽዋል።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን ትንሽ ጠበቅሁት። ሲደርስ ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።